የዮስታ ሣጥን

አርብ መሆኑን ከስልኬ በፊት ወገቤ ነው የሚነግረኝ። ሳምንቱን ሙሉ ሌሊት አሥር ሰዓት እየተነሳሁ እዚህ ሰሜኑ ብርድ ውስጥ የኡሜዮን ከተማ አውቶቡስ ስነዳ እሰነብታለሁ። አርብ ከሰዓት ተረኛው መሪውን ሲቀበለኝ ሌላው ሰው ቤቱ ገብቶ ይዘረራል፣ እኔ ደግሞ ገና ልጆች ልቀበል ነው። ወይም ላስረክብ። እኔና ኤሊን ከተለያየን ወዲህ ልጆቻችን፣ ቱቫና ሜልከር፣ አንድ ሳምንት እኔ ዘንድ፣ አንድ ሳምንት እናታቸው ዘንድ ናቸው። እዚህ አገር የተለያየ ሰው እንዲህ ነው የሚኖረው፤ ማንም ዞር ብሎ አያይህም። እንዲያውም "እንዴት ደስ ይላል፣ ተስማምታችሁ!" ይሉናል። ተስማምተናል፣ ምን ይደረግ።

ኤሊን ከወንዙ ወዲያ መሀል ከተማ ናት፤ እኔ ከወንዙ ወዲህ፣ ቴግ የሚባል ሰፈር። በመሀላችን ድልድይ አለ። መኪናውን ከሸጥነው ቆይቷል፣ ስለዚህ በረዶ ሲሆን የልጆቹን ዕቃ የምናሻግረው በበረዶ ወንበር ነው፤ ከሥሩ ሁለት ረጃጅም ብረቶች ያሉት፣ ከኋላው ቆመህ በአንድ እግርህ እየገፋህ የምታንሸራትተው። ዕቃ ስላችሁ ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የትምህርት ቤት ቦርሳ፣ የበረዶ መንሸራተቻ ከነዱላው፣ ያልደረቀ ጓንት፣ ሜልከር ካልያዘው የማይተኛው አንድ ጆሮ ያለው ጥንቸል። እና ዮስታ።

ዮስታ የሎሚ ችግኝ ነው።

የመጣው እንዲህ ነው። አንድ ቅዳሜ ማታ ዓሣ ጠብሼ ሎሚ ጨመቅሁበት። ሜልከር ያኔ አምስት ዓመቱ ነበር፤ አንድ ፍሬ ጥርሱ ሥር ገብታ ምርር ስትለው ቤቱን በጩኸት አናጋው። ታላቅ እህቱ ፍሬዋን ከምላሱ ላይ አንስታ በመብራት አየቻት።

"አባዬ፣ ብንተክላት ትበቅላለች?"

"ትበቅላለች፣ ትበቅላለች" አልኳት። የምፈልገው ዝምታ ነበር። በዚያ ሰዓት በአውቶቡስ ጎማ ውስጥ ብንዘራት ትበቅላለች ወይ ብትለኝም እሺ ነበር የምላት።

በነጋታው ስነሳ ልጅት ከቀሩት ሎሚዎች ውስጥ ፍሬውን ሁሉ ለቅማ፣ በረጠበ ወረቀት ጠቅልላ፣ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች። ምን አፍ አለኝ? ሦስታችንም የፍሬዎቹን ቅርፊት በጥፍራችን እየላጥን፣ የእርጎ ባዶ ዕቃ ሥሩን እየበሳን፣ አፈር ሞልተን ዘራን። ከላይ ላስቲክ አለበስናቸውና ከማሞቂያው ብረት በላይ የመስኮቱ ደፍ ላይ ደረደርናቸው። ከዚያ ጠበቅን። እኛ ስል እኔና ቱቫ ማለቴ ነው። ሜልከርማ ጠዋት ጠዋት ጣቱን አፈሩ ውስጥ ከትቶ ፍሬዎቹን ያወጣቸዋል።

"አንተ ልጅ፣ ምን እያደረግህ ነው?"

"ተነስተው እንደሆነ ላያቸው ነው።"

"እስቲ አንተን በየደቂቃው ብርድ ልብስ እየገለጥኩ ልይህ፤ ትነሳለህ?"

"እነሳለሁ!"

አይ የኔ ነገር፣ ከማን ጋር ነው የምከራከረው። ፍሬዎቹ አንድ በአንድ በሰበሱ። የተረፈችው መጋረጃው ጀርባ ተደብቃ ሜልከር የረሳት አንዲት ብቻ ናት። ከወር በላይ ቆይታ አንድ ጠዋት አንገቷን ብቅ ስታደርግ ሁለቱ እንዴት እንደጮሁ! ጎረቤቴ ግድግዳውን ደበደበ። ወዲያው ስም አወጡላት፤ ስሙ የወንድ ስለሆነ እሷም "እሱ" ሆነች።

"ዮስታ?" አልኩ። "ይሄ የጡረተኛ ስም አይደል እንዴ? ገና ሁለት ቅጠል ያለውን?"

"ቀስ ብሎ ነዋ የመጣው" አለች ቱቫ።

ልዋሻቸው አልፈለግሁም። ከፍሬ የበቀለ ሎሚ እስኪያፈራ ስንትና ስንት ዓመት እንደሚፈጅ፣ እኛ ብርድ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ ላያፈራ እንደሚችል ነገርኳቸው። ቱቫ ትከሻዋን ነቅነቅ አደረገች። "ሎሚ ሱቅ አለ። እኛ ዮስታን ነው የምንፈልገው" አለችኝ።

እስከዚህ ደህና ነበር። ከዚያ ኤሊን ሰማች።

እኛ የዚህ አገር ሰዎች በእኩልነት ነገር አንቻልም። ኬክ ስንቆርስ አንዱ ይቆርሳል፣ ሌላው ይመርጣል፤ ፍርፋሪ ከበለጠች ኩርፊያ ነው። ኤሊን ደግሞ የዚህ ነገር ሊቀመንበር ናት። በሚቀጥለው አርብ በሯ ላይ ቆማ "ስታፋን፣ ችግኙ አንተ ቤት ብቻ መሆኑ ልክ ነው?" አለችኝ። "ልጆቹ የእኔን ሳምንት ዮስታ ዮስታ እያሉ ነው የጨረሱት። እኔስ እናት አይደለሁም?"

"ታዲያ ምን ይሁን? ለሁለት ልሰንጥቀው?"

"እንደ ልጆቹ ይሁን። አንድ ሳምንት እዚህ፣ አንድ ሳምንት እዚያ።"

"ድስት ነው እንዴ ለጎረቤት የሚዞረው?"

ግን ደክሞኝ ነበር፤ መከራከር አቅም ይጠይቃል። ደግሞ ነገሩን ገልበጥ ሳደርገው እውነት አላት፤ እሷ ጋ በቅሎ ቢሆን ኖሮ እኔም ይህንኑ ነበር የምለው። እሺ አልኩ። ከዓሣ ነጋዴው የፎም ሣጥን ለመንኩና ክዳኑን ለግንዱ ያህል በስቼ አዘጋጀሁት። ብርዱ ሲጠና የላስቲክ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልተን፣ በሱፍ ካልሲ ጠቅልለን፣ ከዮስታ ጎን እናስቀምጥለታለን። ሜልከር የበረዶ ወንበሩ ላይ ይቀመጥና ሣጥኑን በሁለት እጁ ያቅፋል። እኔ ከኋላ እገፋለሁ፣ ቱቫ ቦርሳዋን አዝላ ከጎናችን ትራመዳለች። በየሳምንቱ ድልድዩን እንዲህ ተሻገርነው።

በጋው በሰላም አለፈ። ዮስታ የአንድ ስንዝር ልጅ ሆነ። ከዚያ ኅዳር መጣና ፀሐይ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ መጥለቅ ጀመረች፤ ዮስታም ቅጠሉን ማራገፍ ጀመረ። ደህና አረንጓዴ ቅጠል፣ ምንም ያልሆነ፣ ጠብ። ሜልከር የወደቀውን ሁሉ እየለቀመ በክብሪት ቀፎ ያስቀምጥ ነበር።

የእኔና የኤሊን ጦርነትም ያኔ ነው የተነሳው። እኔ "ማሞቂያሽ ላይ አስቀምጠሽ አደረቅሽው" ስላት እሷ "ያንተ መስኮት ወደ ሰሜን ነው፣ ጨለማ ውስጥ ደፋኸው" ትለኛለች። ለተክል የሚሆን መብራት ገዛሁ፤ እሷም ያንኑ ዓይነት ገዛች። ውሃ በቡና ስኒ እየለካን እናጠጣለን። ቅጠሉ ግን መርገፉን አልተወም። የገና ሰሞን ጭራሽ ደረጃው ላይ ተጯጯህን።

"ያንተ ሳምንት ነው የጨረሰው!"

"ወንድ ከሆንሽ ያንቺ ሳምንት መጨረሻ ላይ የነበረውን አስታውሺ!" አልኳት። ምን እንደምል እንኳ አላውቅም፤ ከንዴት የተነሳ ሴትዮዋን ወንድ አደረግኋት። ሌላ ቀን ቢሆን ሁለታችንም በሳቅ እንፈርስ ነበር። ልጆቹ ቦት ጫማቸውን እንዳጠለቁ መሀላችን ቆመዋል። ሜልከር ሣጥኑን አቅፏል። ቱቫ የጫማዋን አፍንጫ ታያለች።

ስለ ቱቫ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ያን ሰሞን ዝም ያለች ልጅ ሆና ነበር። አሥር ዓመት ሞላት፣ ልጅነቷ እየለቀቃት ነው አልኩ እንጂ ሌላ ነገር አላሰብኩም። ባለ አራት መሳቢያ ቁም ሣጥን ገዝቼላት ነበር፤ እሷ ግን ልብሷን ከቦርሳዋ እያወጣች ትለብስና መልሳ እዚያው ትከተዋለች። "ኧረ አንቺ ልጅ፣ ልብስሽን መሳቢያ ውስጥ አስገቢ! ካምፕ ነው እንዴ ያለሽው?" እላታለሁ። "እሺ" ትላለች። አታስገባም። ስንፍና መሰለኝና ተውኳት።

ጥር ላይ፣ የእኔ ሳምንት ሲጀምር፣ አርብ በሩን ከፈትኩላቸው። ቱቫ ቦርሳ አዝላለች። ሜልከር ጥንቸሉን በአንድ ጆሮው ይዟል። ሣጥን የለም።

"ዮስታስ?"

"አይመጣም" አለ ሜልከር።

ደሜ ፈላ። አሃ፣ አሸነፈች ማለት ነው! ስልኬን አንስቼ ወጥ ቤት ገባሁና "ኤሊን፣ ተባብለን ነበር አይደል?" ብዬ ጀመርኩ። ሰላምታም የለ።

"እኔ አይደለሁም" አለችኝ። ድምፅዋ እንግዳ ሆነብኝ። "ቱቫ ናት። ሣጥኑን አላስነካም አለች። ለምን ስላት አልመለሰችልኝም። እስቲ አንተ ጠይቃት፣ እኔን አልነግርሽም ብላኛለች።"

እዚህ ከተማ አርብ ማታ ታኮ፣ ያ በስስ ቂጣ የሚጠቀለለው ስጋ፣ የማይበላበት ቤት የለም። እኛም ስጋውን ጠበስን፣ በቆሎውን በየሳህኑ አቀረብን፣ ተቀመጥን። ሜልከር አፉን ሞልቶ ያኝካል። እኔ ቀስ ብዬ፣ እንደ ዋዛ፣ "ዮስታን ምነው ተውሽው?" አልኳት።

"በቃው።"

"ምኑ?"

"መዞሩ።" ሹካዋን አስቀመጠች። "አባዬ፣ ማሞቂያውም አይደለም፣ መስኮቱም አይደለም። እናንተ እየተጣላችሁ አላያችሁትም። መስኮቱ ላይ ስናስቀምጠው ብርሃኑ በየት በኩል እንደሚመጣ ይፈልጋል። ከዚያ ቅጠሎቹን ቀስ እያለ ወደዚያ ያዞራል። ልክ አዙሮ ሲጨርስ አርብ ይሆናል።"

ሳህኔን ገፋ አደረግሁት። "እና እናትሽ ጋ ይቅር አልሽ።"

"ሳንቲም ወረወርኩ። ዘውድ ከወጣ አንተ ጋ፣ ቁጥር ከወጣ እማዬ ጋ። ቁጥር ወጣ።" ቀና ብላ አየችኝ። "አድልቼ አይደለም። ሜልከር አይቷል።"

"አይቻለሁ" አለ ሜልከር። ያኘከውን ዋጠና "ግን ለዮስታ ብቻ ነው የወረወረችው። ለራሷ ልትወረውር ነበር፣ ፈራች" አለ።

"ዝም በል!" ቱቫ ከወንበሯ ተነሳች። ፊቷ ቀላ። ከዚያ ቆማ እያለች አለቀሰች፤ ድምፅ የሌለው፣ የትልቅ ሰው ለቅሶ። "ደክሞኛል፣ አባዬ" አለችኝ።

ይህችን ቃል እኔ ነኝ በዚህ ቤት የምናገራት። ጠዋት ስወጣ ደክሞኛል፣ ማታ ስገባ ደክሞኛል፣ ተረት አንብብልን ሲሉኝ ደክሞኛል። የአሥር ዓመት ልጅ አፍ ውስጥ ስሰማት ከወንበሬ ተነሳሁ። አቀፍኳት። እሷ ደረቴ ላይ ታለቅሳለች፤ እኔ ከጭንቅላቷ በላይ ግድግዳውን እያየሁ አንድ ነገር ብቻ ነው የማስበው። ይህችን ልጅ ላጣት ነው። አንድ ቦታ ልቀመጥ ማለቷ ነው፣ ልክ ናት፣ ያ አንድ ቦታ ደግሞ የእኔ ቤት አይሆንም። ትምህርት ቤቷ በእናቷ በኩል ነው። ጓደኞቿም እዚያ ናቸው። ሌሊት አሥር ሰዓት ከቤት የሚወጣ አባት ምን ብሎ ይሟገታል?

ልጆቹ ከተኙ በኋላ የቱቫን ቁም ሣጥን መሳቢያዎች ቀስ ብዬ ከፈትኳቸው። አራቱም ባዶ ናቸው። አንዱ ውስጥ የዋጋ ወረቀቱ እንኳ አልተነሳም።

በማግስቱ ልጆቹ ውጭ በረዶ ሲጫወቱ ድልድዩን ተሻግሬ ኤሊን ወጥ ቤት ተቀመጥኩ። ዮስታ መስኮቱ ላይ ነው፤ ግንዱ ተራቁቶ ጫፉ ላይ ብቻ ጥቂት ቅጠል ይዟል። ቱቫ ያለችውን ሁሉ ነገርኳት። ስለ ሳንቲሙ ስነግራት ኤሊን አፏን በእጇ ያዘች።

"እዚህ ይቅሩ" አልኳት። ሌሊቱን ሙሉ ስለማመዳት ያደርኳት ቃል ናት። "አንቺ ጋ ይቀመጡ። እኔ እሑድ እሑድ እየመጣሁ አያቸዋለሁ።"

"እሑድ እሑድ?" አለችና አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ስንፋታ እንኳ እንዲህ አልተላቀስንም። ከዚያ በወጥ ቤት ፎጣ አፍንጫዋን ጠረገች። "ሥራ ቦታዬ አንዲት ሴት አለች። ልጆቿ ከቤታቸው አይነቃነቁም፤ እሷና የፈታችው ባሏ ናቸው በየተራ ገብተው የሚወጡት።"

"እኛ እንዙር ነው የምትይኝ?"

"እኛ እንዙር። ልጆቹ እዚህ ናቸው። ተራው ያልሆነ ሰው ያንተ ቤት ያድራል።"

"ኤሊን፣ በዚህ ወገቤ በየሳምንቱ ሻንጣ ልጎትት?"

"እሷስ በዚያች ወገቧ አይደል ሦስት ዓመት የጎተተችው?"

እሺ አልኳት። ቡናው እስኪቀዘቅዝ የማን ሳምንት መቼ እንደሚሆን ስንቆጥር ቆየን።

ከየካቲት ጀምሮ እንዲያ ሆነ። አቤት አበሳው! በአንድ አልጋ በየተራ የምንተኛ የተፋታን ሰዎች ሆነን ቀረን። ቴግ ስገባ ትራሴ የእሷን ቅባት ይሸታል፣ ማንኪያዎቼ ቦታ ተቀይሯል። እሷ ደግሞ ካልሲዬን ከሶፋው ሥር እያወጣች ፎቶ አንስታ ትልክልኛለች። መጀመሪያ ሰሞን መሀል ከተማ ስነሳ መጸዳጃ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ጠፍቶኝ ከግድግዳ ጋር ተላትሜአለሁ። ልክ አልጋው ሲለምደኝ፣ ልክ ቧንቧው ሙቅ ውሃ የሚያመጣው ወዴት ሲዞር እንደሆነ ስለይ፣ አርብ ይሆናል።

ቱቫ ግን ማፏጨት ጀመረች። ጥርሷን ስትቦርሽ እንኳ ታፏጫለች፤ መስታወቱ በሳሙና ይረጫል። ዮስታም ጫፉ ላይ አንዲት ቀላ ያለች ቡቃያ አወጣ። ሜልከር በጣቱ እንዳይነካት እጁን ጀርባው ላይ አድርጎ ነው የሚያያት።

መጋቢት ላይ አንድ አርብ የእኔ ሳምንት አለቀ። በረዶው ገና አልሄደም። ኤሊን ከሥራ እየመጣች ነው፤ እኔ ኮቴን ለብሼ፣ ሻንጣዬን ይዤ በሩ ላይ ቆሜአለሁ። ወገቤ ተቆርጧል፤ ሳምንቱን ሙሉ ሁለት የታመሙ ሾፌሮችን ተክቼ ነድቻለሁ። ሁለቱ ልጆች ከወጥ ቤት ወጡ። ቱቫ የፎሙን ሣጥን አቅፋለች።

"ዮስታ የት ሊሄድ ነው?" አልኩ ደንግጬ።

"ዮስታ የትም አይሄድም። ይሄ ያንተ ነው።"

ክዳኑን ከፈትኩት። በሱፍ ካልሲ የተጠቀለለ የሙቅ ውሃ ጠርሙስ። ከምሳ የተረፈ ድንች በወረቀት ተጠቅልሎ። ከሥር የሜልከር ጥንቸል፣ አንድ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ።

"ይሄን ለእኔ ሰጥተህ ምን ይዘህ ልትተኛ ነው?" አልኩት።

"እኔ አሁን አልዞርም" አለኝ ሜልከር። "አንተ ነህ የምትዞረው። ቅጠልህ እንዳይረግፍ።"

ሳቅሁ። መሳቅ ይሻለኝ ነበርና ሳቅሁ። ቱቫ ግን አልሳቀችም፤ የኮቴን ዚፕ እስከ አገጬ ሳበችልኝ።

"አባዬ፣ እዚያ ስትደርስ ደግሞ ልብስህን መሳቢያ ውስጥ አስገባ። ከሻንጣ እያወጣህ አትልበስ።"

"እሺ" አልኳት።

ሣጥኑን የበረዶ ወንበሩ ላይ አስሬ ድልድዩን ተሻገርኩ። ነፋሱ ፊት ይልጥ ነበር። ቴግ ደርሼ የቱቫን ክፍል ከፈትኩ፤ ያ ባለ አራት መሳቢያ ቁም ሣጥን አሁን የእኔ ነው። የላይኛውን ሳብኩት፣ ባዶውን አየሁት፣ ሻንጣዬን አየሁት። ሰባት ቀን ናት፤ አስገብቼ ላወጣው ነው? መሳቢያውን መልሼ ገፋሁት። ጠርሙሱ አሁንም ይሞቃል። ተጋድሜ ወገቤ ሥር አደረግሁት፣ ጥንቸሉን ከጎኔ አስተኛሁ፣ ሻንጣዬን እንደተቆለፈ በሩ ሥር ተውኩት።